የሚያወራው የልብስ ማስጫ

ኣምለሰት ተኽላይ ከአዲግራት አዲስ አበባ የመጣችው በአሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ባሏ ተክለብርሃን ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ጫኝ ነበር። እሱ በጉበት በሽታ ሲሞትባት ልጅ አልነበራቸውም፣ ዘመድም ሩቅ ነው። ስለዚህ እሱን ከሚያውቁት የማረፊያው ሠራተኞች ቤት ልብስ እየሰበሰበች ማጠብ ጀመረች። ይህ ነገር በደረሰባት በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ክረምት ዕድሜዋ አርባ አምስት ሆኖ ነበር፤ የሰው ልብስ ማጠብ ከጀመረችም አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር።

የምትኖረው ገርጂ ነው። ያኔ ከቀበሌ ቤቶቹ ጀርባ ወዲያው እርሻ ይጀምራል፤ ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ቤቷ አንድ ክፍል ናት፣ ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ። የመኮንን ዩኒፎርምም ሆነ የሙሽራ አንሶላ እዚያች ክፍል ገብቶ፣ ነጥቶና በካውያ ተተኩሶ ይወጣል።

ጠባይዋን የሚያውቅ ሁሉ የሚናገርላት አንድ ነገር አለ። ድካሙን ትችላለች፣ ብርዱንም ትችላለች። ያላደረገችውን አደረግሽ መባል ግን አትችልም። አንድ ጊዜ ቦሌ መንገድ ያለች ደንበኛዋ «አንሶላዬን ለውጠሽብኛል» ብላት፣ በዚያ ዝናብ ከገርጂ ቦሌ ድረስ በእግሯ ሄዳ፣ የሴትዮዋን ቁም ሣጥን አስከፍታ፣ አልጋዋን አስነስታ፣ አንሶላውን ከፍራሹ ሥር አውጥታ አሳይታታለች። ሴትዮዋ «ውይ፣ ረስቼው ነው» አለች። ኣምለሰት «መርሳትዎን ከእኔ ስም በፊት ቢያስቡት ጥሩ ነበር» ብላት ወጣች፤ ከዚያ ወዲያ የዚያን ቤት ልብስ አልነካችም።

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ፣ ከቤቷ አራት መቶ እርምጃ ያህል ርቆ ሜዳው ላይ ረጅም የብረት ምሰሶ ተተከለ። ለጊዜው የቆመ የመንግሥት ሬዲዮ ማሰራጫ ነው ተባለ። ዙሪያው በእሾህ ሽቦ ታጠረ፣ ዘበኛም ቆመለት። የሰፈሩ ሰው ከዚያ በኋላ ወደዚያ አቅጣጫ ቀና ብሎ ማየቱንም ተወው።

ኣምለሰት ደግሞ በዚያ ሰሞን ልብስ ማስጫዋን ለውጣ ነበር። የድሮው ገመድ ብርድ ልብስ ሲሰጣበት እየተበጠሰ አስመርሯት፣ ከመርካቶ ወፍራም የብረት ሽቦ ገዛች። አንዱን ጫፍ ከጣሪያዋ ቆርቆሮ ጠርዝ ላይ በሚስማር አንጠለጠለችው፤ ሌላውን ጫፍ ከግቢው ዳር መሬት ውስጥ ጠልቆ ከተተከለ አሮጌ የውሃ ቧንቧ ጋር አሰረችው። ሰኔና ሐምሌ ዘነበ። ሽቦውም ሚስማሩም ዛገ።

ድምፁን መጀመሪያ የሰማችው በፍልሰታ ጾም ነው። የደረቀውን ልብስ ሰብስባ፣ ሽቦውን ባዶ አድርጋ፣ ካውያ ልታሞቅ ከሰሉን ስታራግብ አንድ ወንድ ስለ ማዳበሪያ ሲናገር ሰማች። ድምፁ ቀጭን ነው፤ በአፍንጫው የሚያወራ ይመስላል። የጎረቤት ሬዲዮ መሰላት። ወጣች። ደጅ ማንም የለም። ስትመለስ ሰውዬው ማዳበሪያውን ጨርሶ ዘፈን ተጀምሯል።

«እዋይ!» አለች በአገሯ ቋንቋ፤ ካውያዋን ጥላ ጎረቤቷን የሺመቤትን ጠራች።

የሺመቤት ግድግዳ የምትጋራት፣ ደግ ግን ቶሎ የምትደነግጥ ሴት ናት። ጆሮዋን ጣል አደረገች፣ አማተበች። «ኣምለሰት፣ ይኼ ነገር የጤና አይደለም። ቤትሽ ላይ የሰፈረ ነገር አለ» አለቻትና ሮጣ ሄዳ በጠርሙስ ጠበል ይዛ መጣች። ከበሩ ጀምራ እስከ ጣሪያው ጠርዝ ረጨችው። ድምፁ እዚያው ላይ ጸጥ አለ። የሺመቤት እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ኣምለሰት ግን አልረካችም። ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ወጣች፣ ቆርቆሮው ደረቀ፣ ሰውዬውም ወሬውን ቀጠለ። በማግስቱ ዝናብ ሲዘንብ እንደገና ዝም አለ፤ ሲያባራ ተናገረ። ከዚያ በኋላ ኣምለሰት ነገሩን እንደ ልብስ እድፍ ያዘችው። እድፍ ከምን እንደመጣ ሳታውቅ ሳሙና የምታባክን ሴት አይደለችም። ስትከታተል ሰነበተችና ሦስት ነገር አገኘች። ሲረጥብ ዝም ይላል። ከባድ ልብስ ተሰጥቶበት ሽቦው ሲወጠር ዝም ይላል። ሽቦውን ከሚስማሩ ስታወልቀው ፈጽሞ ዝም ይላል፤ መልሳ ስታንጠለጥለው ይናገራል።

«ሰይጣን ከሆነ» አለቻት ለየሺመቤት፣ «ምነው ብርድ ልብስ ሲሰጣ ዝም አለ?»

የሺመቤት እንደገና አማተበች።

ቅዳሜ ነሐሴ አሥራ ሰባት ቀን አቶ ገብረየስ ሸሚዞቹን ሊወስድ መጣ። አቶ ገብረየስ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ የሬዲዮ መሣሪያዎች የሚጠግን ቴክኒሺያን ነው፤ ተክለብርሃንን በሕይወት ሳለ ያውቀው ነበር። ዝግ ብሎ የሚናገር፣ ከሰው ጋር መጋጨት የማይወድ፣ የሸሚዝ ኮሌታ ላይ ግን ቀልድ የማያውቅ ሰው ነው።

«አቶ ገብረየስ፣ አይሳቁብኝ እንጂ የእኔ ቆርቆሮ ያወራል» አለችው።

አልሳቀም። ሸሚዞቹን በርጩማ ላይ አስቀመጠና ጆሮውን ወደ ጣሪያው ጠርዝ አስጠጋ። ከዚያ በዓይኑ ሽቦውን እስከ ቧንቧው፣ ከቧንቧው ወዲያ ደግሞ ሜዳው ላይ እስከቆመው ምሰሶ ተከተለው። ፊቱ በራ። ኣምለሰት ያን ሰው እንደዚያ ደስ ብሎት አይታው አታውቅም።

«ወይዘሮ ኣምለሰት፣ እርስዎ እኮ ሳያውቁት ሬዲዮ ሠርተዋል!»

«እኔ? እኔ ልብስ ነው የማሰጣ።»

«ይስሙኝ። ያ ምሰሶ ሞገድ ይረጫል። ሞገዱ አይታይም፣ ግን እዚህ ግቢ ውስጥም ሞልቷል። የሰውየው ንግግር ሞገዱ ላይ ተጭኖ ነው የሚመጣው። ይህ ረጅም ሽቦዎ ሞገዱን ይይዘዋል። ማንኛውም ሬዲዮ ውስጥ ደግሞ ንግግሩን ከሞገዱ ላይ የሚያራግፍ አንድ ትንሽ ዕቃ አለ። ሥራው ኤሌክትሪኩን በአንድ በኩል ማሳለፍ፣ በሌላው በኩል መከልከል ነው።»

«እኔ ቤት ያ ዕቃ የት አለ?»

«ዝገቱ ነዋ! ሽቦውና ሚስማሩ የተነካኩበት ቦታ ላይ ያለው ዝገት ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ በአንድ በኩል ያሳልፋል፣ በሌላው ይከለክላል። መጋጠሚያው ላላ ስላለ በዓይን የማትታይ ብልጭታ እዚያ ላይ ትፈጠራለች፤ ሰውየው ጮክ ሲል እየበረታች፣ ዝቅ ሲል እየደከመች ቆርቆሮውን ታነዝረዋለች። እኛ የምንሰማው የቆርቆሮውን ንዝረት ነው።»

ኣምለሰት አሰበችበት። «ሲረጥብስ ዝም የሚለው?»

«ውሃው በዝገቱ ላይ መንገድ ስለሚከፍት ኤሌክትሪኩ በሁለቱም በኩል ያልፋል። ያን ጊዜ የሚያራግፈው ነገር የለም።»

«ልብስ ሲከብድበትስ?»

«ሽቦው ሲወጠር ብረት ከብረት ጋር ጥብቅ ይላል፤ ብልጭታዋ ትጠፋለች። ይህን ራስዎ ነው ያገኙት?» አላት ተገርሞ።

«ታዲያ ማን ሊያገኝልኝ ነው?» አለች። «ባትሪ የለውም፣ መብራት የለውም፤ ጉልበቱን ከየት ያመጣል?»

«ከዚያው ከምሰሶው። ድሮ እኮ ሰዎች በአንድ ስባሪ ድንጋይና በሽቦ ብቻ፣ ያለ ባትሪ፣ ሬዲዮ ያዳምጡ ነበር።»

ከዚያ ደስታው ከፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። ወደ አጥሩ ዞር ብሎ አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ግን ለማንም አይንገሩ። ሽቦውንም ያውርዱት» አላት።

«ለምን አወርዳለሁ? የማንን ንብረት ነካሁ?»

«ጊዜውን ያውቁታል። እርስዎ ደግሞ…» አለና ዋጠው።

የዋጠው ነገር ገባት። ትግሬ ነዎት ሊላት ነው። ተናደደች፤ ግን ሰውየው ክፉ አስቦ አልነበረምና ሸሚዞቹን ጠቅልላ ሰጠችው። በስንብቱ ከሽቦውና ከሚስማሩ መሐል የጎማ ቁራጭ ብታስገባ እንደሚበቃ ነገራት። ሰኞ ጎማ ልትፈልግ አሰበች። ሰኞ ግን ሰማዩ ጠርቶ ስለነበር የተከማቸ ልብስ ሲያጣድፋት ዋለ፤ ጎማው ለማግስቱ ተባለ።

ማግስቱ ማክሰኞ ነሐሴ ሃያ ነው። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልብሷን ሰብስባ ጨርሳለች፣ ሽቦው ባዶ ነው፣ ቆርቆሮው ደርቋል። የመንግሥት ሬዲዮ በዚያ ሰዓት የትግርኛ ፕሮግራሙን ይጀምራል። ሁለት የአብዮት ጥበቃ አባላት ጠመንጃ ይዘው በአጥሩ ሥር ሲያልፉ ከጣሪያው ሥር የወንድ ድምፅ በትግርኛ ሲናገር ሰሙ። ከሚለው አንድም ቃል አልገባቸውም። ትግርኛ መሆኑ በቃቸው፤ በሰሜን መንግሥትን የሚወጉት አማፅያን ሬዲዮ መሰላቸው።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ መኩሪያ ራሱ መጣ። ካኪ የለበሰ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የማይሞላው ሰው ነው። ከቤቱ አልፎ አልፎ የሚላክላትን ሸሚዝ ስታጥብ ኖራለች፤ ያን ቀን ግን ፈጽሞ እንደማያውቃት ሆነ።

«የወንበዴውን ሬዲዮ አውጪው!»

«የምን ወንበዴ? ሬዲዮ የለኝም። ቆርቆሮው ነው።»

«ምን?»

«ቆርቆሮው። ሽቦው ዝጎ፣ ከምሰሶው የሚመጣውን…»

ከጠባቂዎቹ አንዱ ሳቀ። ጓድ መኩሪያ አልሳቀም። «እኛን ትቀልጂብናለሽ?» አለና ፍተሻው እንዲጀመር አዘዘ። ፍራሿን በሳንጃ ቀደዱት። ጤፏን ከእንስራው ወለሉ ላይ ዘረገፉት። ወለሉንም በሁለት ቦታ ቆፈሩት። የታጠበው ልብስ ከነጭቃ ጫማቸው ተረገጠ። ኣምለሰት እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ነበር፤ ነጩ አንሶላ ላይ የጫማ ማኅተም ስታይ ግን «የሰው ንብረት ነው! የሰው ንብረት ነው እየረገጣችሁ ያላችሁት!» ብላ ጮኸች። ሬዲዮ አልተገኘም። ሲፈትሹ ሽቦውን ነቅለው ጥለውት ስለነበር ድምፁም ጠፋ።

«ሰምታን አጠፋችው» አለ ጓድ መኩሪያ። ቤቷ ታሸገ፣ ሽቦዋ ማስረጃ ተብሎ ተጠቅልሎ ተወሰደ፤ እሷም የቀበሌው ማሰሪያ ክፍል ገባች።

ክፍሉ ድሮ የስኳርና የዘይት ማከማቻ ነበር። መስኮት የለውም፤ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። የሚጠብቃት ሐምዛ የሚባል ረጋ ያለ ሰው ነበር፤ ከቤቱ ያመጣውን ጆንያ አነጠፈላት። የሺመቤት በየቀኑ ምሳ ይዛ ትመጣለች፤ በመጣች ቁጥር ታለቅሳለች። ኣምለሰት አላለቀሰችም። የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እውነቱን ነግራቸው ስቀውባታል። ብትዋሽ ኖሮ፣ ሬዲዮ ነበረኝ ሸጥኩት ብትል፣ ያምኗት ነበር። እውነቱ እንግዳ ስለሆነ ብቻ ውሸታም ሆነች።

በዘጠነኛው ቀን የፍርድ ሸንጎው ተሰበሰበ። ሦስት ሰዎች አረንጓዴ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ ጓድ መኩሪያ በጎን ሆኖ ክሱን አነበበ። ኣምለሰት አቶ ገብረየስ ያስረዳትን አንድ በአንድ ተናገረች። ዝገቱን፣ ብልጭታውን፣ መርጠቡን፣ መወጠሩን።

ከዳኞቹ አንዱ መነጽሩን አውልቆ «እመቤት፣ የእኔም ቤት ቆርቆሮ ነው። ዝጓል። እስካሁን ሰላምታ እንኳ ሰጥቶኝ አያውቅም» አለ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

«ቤትዎ ከምሰሶው ሥር ነው? ሠላሳ ሜትር ሽቦስ ተንጠልጥሎበታል?» አለች ኣምለሰት። ሳቁ ትንሽ ቀነሰ። «ሽቦዬን ወስዳችኋል፤ ቤቴ እዚያው አለ፤ ምሰሶውም አልተነቀለም። ሽቦውን ስቀሉትና ስሙ። ካልተናገረ የፈለጋችሁትን ፍረዱ። አቶ ገብረየስ የሚባል የማረፊያው ቴክኒሺያን ያውቃል፤ እሱን ጥሩት።»

ሸንጎው ተጨቃጨቀ። ጓድ መኩሪያ ጊዜ ማባከን ነው አለ። መነጽር ያለው ዳኛ ግን፣ ለመሳቅም ይሁን ለማወቅ፣ ይሞከር አለና ለማግስቱ ተቀጠረ።

ገብረየስን ለመጥራት የሄደችው የሺመቤት ነበረች። ቤቱን አንኳኩታ ነገሩን ስትነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። መታሰሯን ከሳምንት በፊት ሰምቶ ነበር። «የሺመቤት፣ እኔም ልጆች አሉኝ። መሥሪያ ቤቴ ቢሰማ…» አለ።

የሺመቤት፣ ድምፅ ሰምታ የምትሸሸዋ ሴት፣ ያን ቀን ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ በሩ ላይ ቆማ ጮኸችበት። «ያን ሁሉ ትምህርት ለምን ተማሩት? ጆሮዋ ላይ አውርተው ሄዱ፣ እሷ ያሉትን አምና ብትናገር ውሸታም ተባለች! ነገ ካልመጡ የለበሱትን ሸሚዝ አውልቀው ይስጡኝ፤ እሷ ናት ያጠበችው!»

በማግስቱ ነሐሴ ሠላሳ ቀን፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ገብረየስ አንዲት ትንሽ ትራንዚስተር በብብቱ ይዞ መጣ። የሸንጎው ሰዎች፣ ጓድ መኩሪያና ግማሽ ሰፈር ኣምለሰት ግቢ ተሰብስበዋል። ሐምዛ ሽቦውን ይዞ መሰላል ላይ ወጣ፤ ከሚስማሩ ጋር አገናኘው።

ምንም የለም።

አንድ ደቂቃ አለፈ። ሁለት። ከኋላ አንዱ ፊቱን አዙሮ ሳቀ። ጓድ መኩሪያ እጆቹን በወገቡ ላይ አድርጎ «በቃ?» አለ።

ኣምለሰት ግን ሽቦውን እያየች ነበር። ሐምዛ ሥራ አክባሪ ሰው ስለሆነ ሽቦውን እንደ ክራር ጅማት ወጥሮ ነው ያሰረው። «ሐምዛ፣ አላላው! አንድ ስንዝር ልቀቅለት!» አለች። ሐምዛ አላላው። ሽቦው ወደ መሬት ጎበጥ አለ። ቆርቆሮው መጀመሪያ ነዘረ፤ ከዚያ በዚያ ቀጭን፣ በአፍንጫ የሚወጣ በሚመስል ድምፅ፣ አንድ ሰው ስለ ምርት ዘመቻ መግለጫ ማንበብ ጀመረ።

አንዲት አሮጊት ተንበረከኩ። ገብረየስ ትራንዚስተሩን ከፈተና ከሽቦው ሥር አስጠጋው፤ ያው ድምፅ፣ ያው ቃል፣ ያው ትንፋሽ። መነጽር ያለው ዳኛ ራሱ መሰላሉ ላይ ወጥቶ ጆሮውን ቆርቆሮው ላይ ለጠፈ፤ ሽቦውን አወለቀው፣ መልሶ አንጠለጠለው፤ ሦስት ጊዜ። እንደ ሕፃን ሳቀ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ትንሽ ሙዚቃ ተሰማ፤ ወዲያው በትራንዚስተሩም በቆርቆሮውም ትግርኛው ጀመረ።

«ይኼ የራሳችን… የመንግሥት ፕሮግራም ነው» አለ ዳኛው ከመሰላሉ ላይ ሆኖ።

ሁሉም ወደ ጓድ መኩሪያ ዞሩ። እሱም ወደ መሬት አየ።

ኣምለሰት ወደ እሱ ሄደች። «ቢሮህ ውስጥ ሬዲዮ አለ» አለችው፤ አንተ ነው ያለችው። «ጠረጴዛህ ላይ፣ ከነጨርቁ። በእነዚህ አሥር ቀናት አንዱን ቀን በአሥራ አንድ ሰዓት ከፍተህ ብታደምጥ ኖሮ ይህችን ፕሮግራም ታገኛት ነበር። እኔ ሲሚንቶ ላይ የተኛሁት አንተ ያንን ቁልፍ ለማዞር ስላልፈለግክ ነው።»

ሸንጎው እዚያው ግቢ ውስጥ ቆሞ ተመካከረና ትለቀቅ አለ። ቀበሌ ተመልሰው ወረቀቱ ተጻፈ፣ እንድትፈርም ተሰጣት። ጓድ መኩሪያ ጣቷን እንድታሳርፍበት የቀለሙን ሣጥን ገፋላት። ኣምለሰት ግን መሠረተ ትምህርት ተምራ የምስክር ወረቀት የተቀበለች ሴት ናት። አነበበችው። «ተከሳሿ በአብዮታዊ ምሕረት እንድትለቀቅ» ይላል።

«ምሕረት?» አለች።

«አሠራሩ ነው። ፈርሚና ሂጂ።»

«ምሕረት እኮ ለበደለ ሰው ነው። እኔ ምን በደልኩ? ምንም ጥፋት አልተገኘባትም ብላችሁ ጻፉ።»

«ሴትዮ፣ ተለቅቀሻል እኮ!»

«እንዲህማ አልወጣም።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ዞራም ወደ ማሰሪያው ክፍል ራሷ ገብታ ጆንያው ላይ ተቀመጠች። ሐምዛ በሩን ይቆልፈው አይቆልፈው ግራ ገባው። በስተመጨረሻ ገርበብ አድርጎ ተወው።

ቅዳሜ ጳጉሜ ገባ። የሺመቤት መጥታ ለመነቻት፣ ተንበርክካም ለመነቻት። «ሰው እግዜር አወጣኝ ብሎ ይሮጣል፤ አንቺ እስር ቤት ትመርጫለሽ? ወረቀት ነው፣ ማን ያየዋል?» አለቻት። «እኔ አየዋለሁ» አለች ኣምለሰት። እሑድ ሐምዛ ሻይ አምጥቶላት «እትዬ ኣምለሰት፣ እኔም አፈርኩ፤ ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ የለኝም» አላት። እሷም ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ ነገረችው። ሰኞ ጓድ መኩሪያ በሩ ላይ ቆሞ «የቀበሌን ቦታ ያለ አግባብ ይዘሻል» ብሎ ሊያስፈራራት ሞከረ። «እንግዲያው እሰረኝ» አለችው።

ነገሩን የፈታው ያልታሰበ ነገር ነው። ማክሰኞ ጳጉሜ አራት ረፋዱ ላይ አንድ የወታደር መኪና ቀበሌው ደጅ ቆመ። የአንድ ኮሎኔል ሾፌር ወርዶ ለአብዮት በዓል ሰልፍ የሚለበስ ዩኒፎርም አጣቢዋ ዘንድ እንዳለና ቤቷ ታሽጎ እንዳገኘው ተናገረ። በዓሉ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ጓድ መኩሪያ ማሸጊያውን እንዲያነሱ ሰው ሊልክ ሲል፣ ገርበብ ያለው በር ተከፍቶ ኣምለሰት ወጣች።

«ዩኒፎርሙ ቤቴ አለ። ተረግጧል፤ እንደገና መታጠብ፣ መተኮስ አለበት። እኔ ደግሞ እስረኛ ነኝ» አለችው ሾፌሩን። «ለምን እንደታሰርኩ ኮሎኔሉ ከጠየቁ፣ የመንግሥትን ሬዲዮ ስላዳመጠች ብለህ ንገራቸው።»

ሾፌሩ ጓድ መኩሪያን አየው። ጓድ መኩሪያ ግድግዳውን አየ። ከዚያ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ፤ አዲስ ወረቀት አወጣና በራሱ እጅ ጻፈ። «በተደረገው ማጣራት ወይዘሮ ኣምለሰት ተኽላይ ምንም ዓይነት ጥፋት ያልተገኘባቸው ስለሆነ» ይላል። ማኅተሙን ጠረጴዛው እስኪነቃነቅ ድረስ ደበደበበት። ኣምለሰት ሁለቴ አነበበችው፣ በስሟ ፈረመች፤ ሽቦዋንም ተቀብላ ወጣች።

ይቅርታ ያላት ሰው አልነበረም፤ ሊቀመንበሩም ሸንጎውም። ጤፏ ከአፈር ጋር ተቀላቅሎ ጠበቃት፤ የፍራሿ ጥጥ ወለሉን ሞልቶታል። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዩኒፎርሙን አጥባ ስትተኩስ፣ የሺመቤት ጤፉን በወንፊት እየነፋች አብራት ዋለች።

ገብረየስ አዲስ ዓመት ካለፈ በኋላ መጣ። ሳይገባ በሩ ላይ ቆመ። «ፈርቼ ነው። መታሰርዎን እንደሰማሁ መምጣት ነበረብኝ» አላት። «ነበረብዎት» አለች። ይቀመጡ አላለችውም፤ ሸሚዞቹን ግን ተቀበለች። ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ በርጩማ ሰጠችው።

ምሰሶው ሌላ ቦታ ተወሰደ ተባለና በተከታዩ ዓመት ተነቀለ። ወሬው ግን ከተማውን ዞሮ ነበር። ሰው ሁሉ «ቆርቆሮዋ የሚያወራላት ሴት» ይላታል፤ ታሪኩን እየነገረም ይስቃል፣ የመሰላሉን ነገር፣ የዳኛውን ነገር። በዚህ ሳቅ ውስጥ የሲሚንቶው ወለል የለም፤ የተቀደደው ፍራሽም የለም። ኣምለሰት ይህን ስትሰማ ፊቷ ይቀላ ነበር። አንድ ቅዳሜ ገብረየስ ሁለት የሥራ ባልደረቦቹን ይዞ መጣ፤ ሽቦው የተንጠለጠለበትን ቦታ ማየት፣ ዝገቱን በእጃቸው መንካት ፈልገዋል። አንዱ ማስታወሻ ደብተር ሳይቀር ይዟል። ኣምለሰት እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ከሳፋው ተነሳች።

«ዝገቱን አሳያችኋለሁ» አለች። «መጀመሪያ ግን ተቀመጡና እንዴት እንደታሰርኩ ልንገራችሁ። እሱንም ጻፉት።»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ባለ ደብተሩ በርጩማውን ሳብ አድርጎ ተቀመጠና እስክሪብቶውን አወጣ፤ እሷም ከዚያች ማክሰኞ ጀመረችላቸው።